የሞዴል ጀልባ የዘንግ ቱቦ አገጣጠም፦ ስትራቱ መጀመሪያ፣ ቱቦው መጨረሻ

ሞተሩ አዲስ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ፕሮፔለሩ የተሳለ ሆኖ ሳለ ጀልባው እያጓራ ብቻ የሚጎተት ከሆነ፣ ሁለት ዙር ሳይሞላም ሞተሩ እጅ የማያስነካ ትኩሳት ካመጣ፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ወይም ስፒድ ኮንትሮለሩን ነው። ጥፋቱ ግን በአመዛኙ የሚገኘው ሞተሩንና ፕሮፔለሩን በሚያገናኘው ቀጭን የናስ ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ከውጭ ሲያዩት ምንም የሚሠራ አይመስልም። በውስጡ ያለው ዘንግ ግን ያለ ዕረፍት ይዞራል። 2000 ኬቪ የሆነ፣ ማለትም ያለ ጭነት በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 2000 ዙር የሚሰጥ ሞተር በ4 ሴል ሊፖ ባትሪ፣ ማለትም በ14.8 ቮልት፣ ያለ ጭነት በደቂቃ 29,600 ዙር ይሰጣል። ይህ በሰከንድ ወደ 500 ዙር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የግማሽ ሚሊ ሜትር ጥመት እንኳ ሙቀት፣ ድምፅና የባከነ ባትሪ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ ባለ አንድ ቀፎ የእሽቅድምድም ጀልባዎችን ነው። ሐዋሳ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ መጠን ይመቻል፤ ጠዋት ሐይቁ ሳይነሳ ለመንዳት ይበቃል፣ ክፍሎቹንም በከተማው ቶርኖ ቤትና ፍሪጅ ጠጋኝ ዘንድ በሚገኝ ዕቃ ማሟላት ይቻላል።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ። ዘንጉን ወደ ቱቦው ቅርጽ አናስገድደውም፤ ዘንጉ ሳይጨነቅ የሚይዘውን መስመር አይተን ቱቦውን በዚያ መስመር ላይ እናስቀምጣለን። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ስትራት (ከኋላ ሆኖ የፕሮፔለሩን ዘንግ የሚሸከመው ደጋፊ)፣ ቀጥሎ ሞተር፣ በመጨረሻ ቱቦ ነው። ቱቦውን መጀመሪያ አጥፎ ካጣበቁ በኋላ ሞተሩንና ስትራቱን ከእሱ ጋር ለማስማማት መታገል በጣም የተለመደው ስህተት ነው። እንዲህ የተሠራ ጀልባ በኋላ በምንም ማስተካከያ ጥሩ አይሆንም፤ ቱቦውን ነቅሎ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ከሞተር እስከ ፕሮፔለር

ከሞተሩ ጀምረን ወደ ኋላ እንሂድ። በሞተሩ ዘንግ ላይ ኮሌት የሚባል መያዣ ይታሰራል። ኮሌቱ በሌላው ጫፉ ተጣጣፊውን ዘንግ ጨብጦ ይይዛል። ተጣጣፊው ዘንግ በብዙ ንብርብር ሽቦ የተጠመዘዘ ኬብል ነው፤ ኮንስትራክሽን ቦታ ኮንክሪት የሚያጠብቀው ቫይብሬተር ውስጥ የሚዞረው ዘንግ የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ኬብሉ የሚዞረው በቴፍሎን ሽፋን ውስጥ ነው፤ ቴፍሎኑ ደግሞ በናስ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ቱቦው የቀፎውን ሆድ በስቶ ይወጣና ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ከታሰረው ስትራት ይደርሳል። ስትራት ማለት የፕሮፔለሩን ዘንግ የሚሸከመው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ደጋፊ ነው፤ በውስጡ ቦኮላ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ማቀፊያ አለው። ከስትራቱ ኋላ ድራይቭ ዶግ የሚባለው ቀለበት፣ ከዚያ ፕሮፔለሩ፣ በመጨረሻ ዳዶው ይመጣል።

የኬብሉ ውፍረት በዚህ የጀልባ መጠን ብዙውን ጊዜ 4 ሚ.ሜ. ወይም 4.76 ሚ.ሜ. ነው፤ ሁለተኛው በኢንች 3/16 የሚባለው ነው። ቱቦ ስትገዙ የምትለኩት የውጭውን ሳይሆን የውስጡን ስፋት ነው። በኬብሉና በቴፍሎኑ መካከል ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ. ክፍተት ይኑር። ከዚህ ከጠበበ ግራሶው የሚቀመጥበት አያገኝም፣ ኬብሉም ሲሞቅ ይጨናነቃል። ከ1 ሚ.ሜ. በላይ ከሰፋ ደግሞ ኬብሉ በፍጥነት ሲዞር ቱቦው ውስጥ መገረፍ ይጀምራል፤ ከውጭ የሚሰማው የማንቋረር ድምፅ ይህ ነው። ውስጡ ልክ 4 ሚ.ሜ. የሆነ የቴፍሎን ቱቦ ለ4 ሚ.ሜ. ኬብል አይሆንም። በእጅ ሲገፉት የሚያልፍ ይመስላል፤ ሲታጠፍ ግን ያንቃል።

የናስ ቱቦ ካልተገኘ ፍሪጅና ኤሲ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ሩብ ኢንች የመዳብ ቱቦ ይተካዋል። የውጭ ስፋቱ 6.35 ሚ.ሜ. ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 0.8 ሚ.ሜ. ከሆነ ውስጡ 4.75 ሚ.ሜ. ይሆናል። 4 ሚ.ሜ. ኬብል ያለ ቴፍሎን፣ በግራሶ ብቻ ይሠራበታል። 3/16 ኬብል ግን ፈጽሞ አይገባበትም። መዳብ ከናስ ይከብዳል፣ በቀላሉም ይሰረጉዳል፤ በአንጻሩ ለመታጠፍ እሳት አያስፈልገውም። ለመጀመሪያ ጀልባ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ለውድድር ግን ስስ ግድግዳ ያለው ናስና ቴፍሎን ነው የምንመክረው።

ስትራቱን ማስቀመጥ

ጀልባውን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። የቀፎውን መሃል መስመር ከአፍንጫው እስከ የኋላ ግድግዳ በእርሳስና በቀጭን ክር አውጡ። ክሩን በዓይን አትመኑት፤ ከሁለቱም ጠርዝ በካሊፐር ወይም በማስመሪያ ለኩ። ስትራቱ በዚህ መስመር ላይ ካልተቀመጠ ጀልባው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ መሪውን ሁልጊዜ ማዘንበል ግድ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ፍሬን ይዞ እንደ መንዳት ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከቀፎው የታች መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። ከፍታው ደግሞ የዘንጉ መሃል ከቀፎው ዝቅተኛ መስመር ጋር እኩል፣ ወይም ከ3 እስከ 6 ሚ.ሜ. ዝቅ ያለ ይሁን። እነዚህ ፕሮፔለሮች የተሠሩት ግማሽ አካላቸው ከውሃ በላይ ሆኖ እንዲሠሩ ነው፤ ጀልባው ሲፈጥን ከዘንጉ በላይ ያለው ክፍል አየር ላይ ይሆናል። በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ጭነቱ በዝቶ ሞተሩ ይሞቃል። ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ጀልባው ሲነሳ ፕሮፔለሩ ውሃ አይዝም፣ ዝም ብሎ ይዞራል።

ትይዩነቱን በኋላ እንደ ጀልባው ጠባይ ትቀይሩታላችሁ። የዘንጉ የኋላ ጫፍ ትንሽ ወደ ታች ካዘነበለ ግፊቱ የጀልባውን ኋላ ያነሳል፣ አፍንጫውንም ወደ ውሃ ይጫናል። ወደ ላይ ካዘነበለ ተቃራኒው ይሆናል፤ አፍንጫው ይነሳል። ነፋስ ላይ የሚገለበጥ ጀልባ የመጀመሪያውን፣ አፍንጫውን ውሃ ውስጥ እየቀበረ የሚሄድ ጀልባ ሁለተኛውን ይፈልጋል። ለውጡን በአንድ ጊዜ ከ1 ዲግሪ አታሳልፉ።

ይህ ማስተካከያ የሚቻለው ግን ቱቦው ከስትራቱ ጋር ካልተጣበቀ ብቻ ነው። ቱቦው በስትራቱ ፊት ባለው ቀዳዳ ውስጥ ልል ሆኖ ይግባ እንጂ በኢፖክሲ አይታሰር። ከስትራቱ በፊት ያለው ከ30 እስከ 40 ሚ.ሜ. የሚሆን የቱቦ ክፍል ነፃ መሆን አለበት።

ሞተሩ የት ይቀመጥ፣ ምን ያህል ያዘንብል

የሞተሩን ርቀት የሚወስነው የጀልባው ሚዛን ነው። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ባትሪውን ጨምሮ የክብደቱ መሃል ከኋላ ግድግዳ ተነስቶ ከርዝመቱ 30 በመቶ አካባቢ ቢያርፍ ጥሩ መነሻ ነው። ለ70 ሳንቲ ሜትር ጀልባ 21 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ባትሪው ወደፊትም ወደኋላም እንዲንሸራተት ቦታ ተዉለት፤ ሞተሩ ግን አንዴ ከታሰረ አይነቃነቅም።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንምጣ። ብዙ ሰው ሞተሩን ከቀፎው ወለል ጋር ትይዩ አድርጎ ያስረዋል፤ ሲያዩት ያምራል። የሞተሩ ዘንግ ከስትራቱ መስመር 25 ሚ.ሜ. ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሁለቱም ትይዩ ከሆኑ ቱቦው ሁለት ጊዜ መታጠፍ አለበት፤ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ተመልሶ ወደ ትይዩ። የእጥፋቱ ራዲየስ 200 ሚ.ሜ. ቢሆን እያንዳንዱ እጥፋት 20 ዲግሪ ይደርሳል፤ እጥፋቶቹ ብቻ 140 ሚ.ሜ. ርዝመት ይወስዳሉ። በሁለቱ ጫፎች 30፣ 30 ሚ.ሜ. ቀጥ ያለ ክፍል ሲጨመር 200 ሚ.ሜ. ይሆናል።

በዚያው 25 ሚ.ሜ. ከፍታና በዚያው 200 ሚ.ሜ. ራዲየስ ሞተሩን 8 ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ ብታዘነብሉትስ? ቱቦው ከኮሌቱ ተነስቶ ቀጥ ብሎ 165 ሚ.ሜ. ያህል ይወርዳል፤ ከዚያ 28 ሚ.ሜ. በሚሆን ርዝመት ላይ አንድ ጊዜ 8 ዲግሪ ይታጠፋል። በድምሩ 193 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ሁለት የ20 ዲግሪ እጥፋት በአንድ የ8 ዲግሪ እጥፋት ተተካ ማለት ነው። ቦታው ያው ነው፣ ክፍሉም ያው ነው፤ ኬብሉ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን የማይወዳደር ነው። የሞተሩ ማዘንበል የጀልባውን ግፊት አይቀይረውም፤ ግፊቱን የሚወስነው የፕሮፔለሩ ዘንግ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር ለማዘንበል አታመንቱ። የሞተር መያዣው ሥር ባለ 8 ዲግሪ የጣውላ ሽብልቅ መለጠፍ ይበቃል።

ለ4 ሚ.ሜ. ኬብል ከ150 ሚ.ሜ. ያነሰ ራዲየስ፣ ለ3/16 ኬብል ከ200 ሚ.ሜ. ያነሰ ራዲየስ አንመክርም። ጀልባው አጭር ሆኖ ቦታ ካጣችሁ ሞተሩን ዝቅ አድርጉት፤ ከፍታው በ5 ሚ.ሜ. ሲቀንስ እጥፋቱ በጉልህ ይለሰልሳል።

ቱቦውን ማጠፍ

ናስ በጥሬው ከታጠፈ ይሰነጠቃል ወይም ይጨፈለቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በእሳት ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ በደረቅ ነገር ይሞላል፣ ከዚያ ይታጠፋል። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም። ጨው ወይም አሸዋ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ ደፍኖ እሳት ላይ ማድረግ አደገኛ ነው፤ በውስጡ ትንሽ እርጥበት ካለ እንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ያወጣዋል።

ባዶውን ቱቦ በጋዝ ችቦ የምታሞቁት የሚታጠፈውን ቦታና ከግራ ከቀኙ 20 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ጫፎቹ እንደ ጠነከሩ ይቆዩ። ነበልባሉን አንድ ቦታ አታቁሙ፤ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ቱቦውን አዙሩት። ደብዛዛ ቀይ ቀለም ብቅ ሲል ይበቃል፣ እሳቱን አንሱ። ሥራውን ጥላ ውስጥ አድርጉት። በሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ደብዛዛው ቀይ ለዓይን አይታይም፤ አልቀላም እየተባለ ሲጨመርበት ግድግዳው 0.36 ሚ.ሜ. ብቻ የሆነ ቱቦ በአፍታ ይቀልጣል። ከዚያ በራሱ ቢቀዘቅዝም ውሃ ውስጥ ቢነከርም ለውጥ የለውም፤ ናስ በሁለቱም መንገድ ለስላሳ ይሆናል።

ሲበርድ አንዱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ ድፈኑ፤ ደቃቅና ደረቅ የገበታ ጨው እየነካካችሁ እስከ አፉ ሙሉ። ቱቦውን እየመታችሁ ሙሉት፣ ምክንያቱም ጨው ከውስጡ ባዶ ቦታ ከተወ ቱቦው የሚጨፈለቀው እዚያ ላይ ነው። ጨው ከአሸዋ የሚመረጠው በኋላ በሞቀ ውሃ ሟሙቶ ስለሚወጣ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ግን ቱቦው ውስጥ ብትቀር ቴፍሎኑን ትፍቀዋለች። የፍሪጅ ጠጋኝ የማጠፊያ ጥቅልል ሽቦ ካለው ከጨው ይልቅ እሱን ተዋሱ።

ለማጠፍ ክብ ነገር ያስፈልጋል። ራዲየስ 200 ሚ.ሜ. ማለት ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ነው፤ ከጣውላ ላይ የክቡን ቅስት ብቻ ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ በብሎን እሰሩት። በጉልበት አትታጠፉት፤ በሁለት አውራ ጣት እየገፋችሁ በየ5 ሚ.ሜ. ቦታ እየቀየራችሁ አስኪዱት። ናስ ሲለቀቅ ትንሽ ይመለሳል፤ ስለዚህ 1 ወይም 2 ዲግሪ አሳልፉት።

ታጥፎ ከታጠበ በኋላ ቴፍሎኑንና ኬብሉን አስገቡበት። ኬብሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ አዙሩት፤ በሙሉ ዙር እኩል ልል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ የሚጠብቅ፣ ሌላ ቦታ ላይ የሚለቅ ከሆነ ቱቦው ተጨፍልቋል። በሞረድ ወይም በመዶሻ ሊስተካከል አይችልም፣ ሌላ ቱቦ ቁረጡ። ስትቆርጡ በቱቦ መቁረጫ ከተጠቀማችሁ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በፑንታ ጫፍ ወይም በክብ ሞረድ አንሱት። ይህ የውስጥ ጠርዝ ቴፍሎኑን ከመጀመሪያው ቀን ይበላዋል።

ቀፎውን መብሳትና ማጣበቅ

6.35 ሚ.ሜ. ቱቦ በ8 ዲግሪ ሲወጣ ቀዳዳው ክብ አይሆንም፤ 46 ሚ.ሜ. የሚረዝም ሞላላ ነው። የቀፎው ውፍረት ሲታሰብ ወደ 60 ሚ.ሜ. ይደርሳል። በትራፓኖ 5 ሚ.ሜ. ፑንታ ተከታታይ ቀዳዳ አውጡና በክብ ሞረድ አገናኙ። ከሚያስፈልገው በላይ ጠባብ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ለማስፋት ሁልጊዜ ጊዜ አለ።

ስትራቱ ታስሮ፣ ሞተሩ ታስሮ፣ ኬብሉ በኮሌቱ ተይዞ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ በቦኮላው ውስጥ ሆኖ ቱቦው ኬብሉ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ። ይህ የሥራው ሁሉ ልብ ነው። ቱቦውን በጣት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየነካችሁ ኬብሉን በእጅ አዙሩ፤ በጣም የሚቀልበትን ቦታ ፈልጉ። ቱቦው ከኮሌቱ ፊት ለፊት ሲታይ ኬብሉ በቱቦው አፍ መሃል ላይ መሆን አለበት፤ ወደ አንድ ጎን ተለጥፎ ከታየ የሞተሩ ከፍታ ወይም ማዘንበል ገና አልተስተካከለም። ከቱቦው አፍ እስከ ኮሌቱ ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ. ተዉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ድጋፍ ያጣው ኬብል ይገረፋል፤ ካነሰ ደግሞ ኮሌቱን ለመፍታት ቁልፍ አይገባም።

ቱቦው የሚጣበቅበትን ቦታ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፣ በአልኮል ጥረጉት፤ ከዚያ በኋላ በእጅ አይነካ። መጀመሪያ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ አድርጉና ኬብሉን እንደገና አዙሩ። ኢፖክሲው ሲጠነክር ቱቦውን ትንሽ ሊስበው ይችላል፤ የመጀመሪያው ነጥብ ይህን ለማወቅ ነው። ካልተቀየረ የ24 ሰዓት ኢፖክሲ ታልክ ፓውደር ቀላቅላችሁ፣ እንደ ወፍራም ገንፎ አድርጋችሁ ከውስጥም ከውጭም ሙሉት። በውስጥ በኩል አንድ ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ይደረብበት፤ ይህ መገጣጠሚያ ከተሰነጠቀ ጀልባው ከሐይቁ ሥር ነው የሚገኘው።

ከቀፎው እስከ ሞተሩ ያለው የቱቦ ክፍል ብቻውን ከተንጠለጠለ ይንቀጠቀጣል። ከኮሌቱ 30 ሚ.ሜ. ገደማ ወደ ኋላ ከ3 ሚ.ሜ. ኮምፐርሳቶ የተቆረጠ ድጋፍ ከወለሉ ጋር አጣብቁለት። ድጋፉ ቱቦውን ይያዝ እንጂ አይግፋ። ቀዳዳውን 1 ሚ.ሜ. አስፍታችሁ ክፍተቱን በኢፖክሲ ሙሉት።

ቴፍሎኑ ከቱቦው የፊት አፍ ኮሌቱን ሳይነካ ትንሽ ይውጣ፤ ከስትራቱ በኩል ግን ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ. አጥሮ ይቁም። ቴፍሎን በሙቀት ይረዝማል፤ 250 ሚ.ሜ. የሆነው ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 ሚ.ሜ. በላይ ይጨምራል። ቦታ ካጣ የፕሮፔለሩን ዘንግ ይጫናል።

ኬብሉ፦ አቅጣጫና ክፍተት

ተጣጣፊ ኬብል በሁለቱም አቅጣጫ አይዞርም። በአንዱ አቅጣጫ ጭነት ሲመጣ ሽቦዎቹ ይጠብቃሉ፤ በሌላው ይፈታሉ፣ ኬብሉ ያብጥና ቴፍሎኑን ያንቃል። ለማወቅ ኬብሉን በሁለት እጅ ያዙ፤ የሞተሩን ጫፍ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ጠምዝዙ፣ የፕሮፔለሩን ጫፍ ግን አጥብቃችሁ ያዙ። ከጠበቀና ከቀጠነ ትክክል ነው። ተከፍቶ ካበጠ አቅጣጫው ስህተት ነው። ብራሽለስ (ብሩሽ የሌለው) ሞተርን ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን በማቀያየር ማስገልበጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ፕሮፔለሩም ከዚያ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። የእሽቅድምድም ፕሮፔለር ብዙውን ጊዜ ከጀልባው ኋላ ሆነው ሲያዩት ወደ ግራ የሚዞር ነው። የታችኛው ምላጩ ውሃውን ወደ ቀኝ ሲገፋ የጀልባው ኋላ ወደ ግራ፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህም ወደ ቀኝ እየታጠፉ ለሚዞሩበት ውድድር ያግዛል።

ኬብል በፒንሳ አይቆረጥም፤ ይበተናል። የሚቆረጠውን ቦታ በስታኞ አርሱት ወይም በሱፐር ግሉ አጠንክሩት፣ ከዚያ በቀጭን ዲስክ ግራይንደር ቁረጡ። መነጽር አድርጉ። አንድ ሁለት ሰከንድ እየቆረጣችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ሰማያዊ ቀለም ካመጣ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ክፍተት ይህ ነው። ኬብል ጭነት ሲያርፍበት ይጠብቃል ብለናል፤ ሲጠብቅ ያጥራል። ስለዚህ በድራይቭ ዶጉና በስትራቱ መካከል የኬብሉን ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ለ4 ሚ.ሜ. ኬብል ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ.። ክፍተት ከሌለ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ድራይቭ ዶጉ ስትራቱን ይነክሳል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ቦኮላው ይበላል፣ በስትራቱ ጀርባ ላይ የሚያብለጨልጭ ክብ ጭረት ይታያል። ያንን ጭረት ያየ ሰው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ኮሌቱን ፈትቶ ኬብሉን 2 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ ያውጣ።

ኮሌቱ የሚጨብጠው የኬብሉ ጫፍ ግራሶ እንዳይኖረው በአልኮል ይጠረግ። ኮሌት ከለቀቀ ጀልባው ሲሮጥ አይታወቅም፣ የፕሮፔለሩ ግፊት ኬብሉን ወደፊት ይዞት ይቆያል። ጋዝ ሲለቀቅ ግን ውሃው ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ ይጎትትና ኬብሉ ከነፕሮፔለሩ ተንሸራቶ ይወጣል።

ውሃ ከመንካቱ በፊት መፈተሽ

ፕሮፔለሩን አውልቁ። የፕሮፔለር ምላጭ እንደ ምላጭ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሙሉ ፍጥነት ማዞር ጣት ያስቆርጣል። ኬብሉን በቋሚ ማርከር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀለም ቀቡት፣ ሲደርቅ ያለ ግራሶ አስገቡትና በዝቅተኛ ፍጥነት ለ10 ሰከንድ ብቻ አዙሩ። አውጥታችሁ እዩት። ቀለሙ እኩል ደብዝዞ ከሆነ ቱቦው ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተላጦ ብረቱ ካበራ ኬብሉ እዚያ ጋ ይታሻል፤ ከጫፉ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክታችሁ በቱቦው ላይ ያንኑ ርቀት ብትሄዱ ቦታውን ታገኙታላችሁ። ከኮሌቱ አጠገብ ከሆነ ሞተሩን ሸርተት አድርጉ፤ ከስትራቱ አጠገብ ከሆነ የስትራቱን ማዘንበል ተመልከቱ፤ መሃል ላይ ከሆነ እጥፋቱ ጠንክሯል።

አምፔር የሚለካ ዋት ሜትር ካላችሁ ሞተሩን ብቻውን አዙራችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ግራሶ የተቀባውን ኬብል አስገብታችሁ በዚያው የጋዝ መጠን ለኩ። የሞተሩን ማሰሪያ አላላችሁ በጥቂቱ እያንቀሳቀሳችሁ ቁጥሩ ዝቅተኛ የሚሆንበት ቦታ ላይ አጥብቁ። ጆሮም ይረዳል፤ ትክክለኛ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይቀጥናል።

ኬብል ሲሰበር የተሰበረበት ቦታ ምክንያቱን ይናገራል። ከኮሌቱ አፍ ላይ ከተሰበረ ሞተሩና ቱቦው አንድ መስመር ላይ አልነበሩም። የፕሮፔለሩ ዘንግ ከኬብሉ ጋር ከተበየደበት ቦታ ላይ ከሆነ ብየዳው ሽቦውን አቃጥሎታል። መሃል ላይ ተፈትቶ ከተገኘ ወይ አቅጣጫው ስህተት ነው፣ ወይ ሣር ፕሮፔለሩን አቁሞታል።

ግራሶና ሐይቁ

ግራሶው ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ውሃ መከልከልም ሥራው ነው። የጀልባ ግራሶ ካልተገኘ ውሃ የሚቋቋመው በካልሲየም የተሠራው ግራሶ ይመረጣል። የመኪና ኩሽኔታ ግራሶም ይሠራል፤ በስሱ ይቀባ። ቱቦውን ሞልቶ መጠቅጠቅ ግን ጉልበት ያባክናል፤ ትርፉም ወደ ሐይቁ ነው የሚወጣው።

ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የሚገባው እዚያው ይቀራል። የሚንጠባጠብ ግራሶና ዘይትም እንዲሁ። ዓሣ አጥማጆቹም ወፎቹም የሚኖሩበት ውሃ ስለሆነ ኬብሉን ዳር ላይ አትጥረጉት፤ ጨርቁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ከዳር የሚገኘው ደቃቅ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ለዚህ ሥራ ዋናው ጠላት ነው። ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ በስትራቱ በኩል ይገባና ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ ቦኮላውን ይሞርዳል። ስለዚህ ጀልባውን ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ልቀቁት፣ ከአሸዋው ላይ አትግፉት። በፍቅር ሐይቅ በኩልም ሆነ ወደ አሞራ ገደል መረብ የተጣለበትንና ሣር የበዛበትን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ለመጀመሪያ ሙከራ አይሆንም።

በየሦስት አራቱ ሩጫ ኬብሉን አውጡና በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ግራሶው በቀለሙ ከወጣ ቀቡና መልሱት። ግራጫ ሆኖ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ የስትራቱን ቦኮላ ተመልከቱ። ጥቁር ሆኖ በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር ነገር ካለው ብረት እየተበላ ነው፤ ቴፍሎኑን አውጥታችሁ በፀሐይ በኩል እዩት፣ በአንድ ጎኑ ከሳሳ ቀይሩት። ቀኑ ሲያልቅ ኬብሉን ቱቦው ውስጥ አታሳድሩት፤ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ ሳትጠቀልሉ በቁመቱ አስቀምጡት።